አበዳሪው ከደጃፍ ይቁም

የተበደረ ሰው መክፈል አለበት። ይህን የሚክድ ሃይማኖት አላውቅም፤ ይህ ጽሑፍም አይክድም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ገንዘብ ያበደረ ሰው ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ በባለዕዳው ላይ ያለው ሥልጣን እስከ የት ይደርሳል? ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ፣ ቀን ሥራ ላይ ሳለ፣ ማታ ልጆቹ ፊት ስልኩ የሚጮህበት ሰው በጥሪው ብዛት ገንዘብ አያገኝም። የሚያጣው ግን ብዙ ነው። እንቅልፉ ይሄዳል። የማያውቀው ቁጥር በታየ ቁጥር ልቡ ይደነግጣል፤ ሥራ አገኘንልህ ብለው የሚደውሉለትንም ሳያነሳ ይቀራል። ዘመድ ቤት መሄድ ይተዋል፤ ከማኅበር ይቀራል፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ ነው። የእኔ ክርክር ይህ ሁሉ በውሉ ውስጥ አልነበረም የሚል ነው። የወሰደው ገንዘብ ነው፤ ያለበትም ገንዘብ ነው። ራሱን መያዣ አድርጎ አልሰጠም።

ይህን ወሰን ከሁሉ ይልቅ በግልጽ ያሰመረው ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ይመስለኛል። አበዳሪ መያዣ ሊቀበል ሲሄድ ወደ ተበዳሪው ቤት መግባት ተከልክሏል። እሱ ውጭ ይቆማል፤ መያዣውን ይዞ የሚወጣው ባለዕዳው ራሱ ነው። ባለዕዳው ድሃ ከሆነና መያዣው የሚለብሰው ልብስ ከሆነ ደግሞ ለብሶት እንዲተኛ ፀሐይ ስትገባ ይመለስለታል። ሕጉ የአበዳሪውን መብት አልነካም፤ መያዣውን እንዲቀበል ፈቅዶለታል። ነገር ግን የሰውየው ጓዳ ሲበረበር ሚስቱና ልጆቹ ቆመው እንዳያዩ፣ ከዕቃው የትኛውን እንደሚሰጥም ራሱ እንዲመርጥ አድርጓል። ሌሊቱንም ከዕዳው አውጥቶለታል። ስልክ እነዚህን ሁለቱን፣ ደጃፉንና ሌሊቱን፣ አፍርሷቸዋል። አበዳሪው ዛሬ መኝታ ክፍል ድረስ የሚገባው በር ሳያንኳኳ ነው።

በእኛም አገር ዕዳ የሰውን አካል ይይዝ እንደነበር አይረሳም። ባለዕዳና ባለገንዘብ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተቆራኝተው ሲሄዱ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ይታዩ ነበር። ጨካኝ ሥርዓት ነው፤ ይመለስ የሚል የለም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፤ ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ነበረው። ባለዕዳውን ይዞ የሚውል ባለገንዘብ ራሱም ታስሮ ይውላል፤ ሥራው ይበደላል፣ ገበያው ያመልጠዋል። ስለዚህ ቶሎ መስማማት፣ ሽማግሌ መጥራት ይጠቅመው ነበር። የዛሬው አሳዳጅ ግን ምንም አይከፍልም። ጥሪውን ብዙ ጊዜ የሚደውለው ማሽን ነው፤ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያስጨንቅ አይደክመውም። ማስጨነቅ ዋጋ የማያስከፍል ከሆነ ወሰኑን ሕግ ማበጀት ይኖርበታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው ሕግ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅቶች ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እንዳይደውሉ ከልክላለች፤ ከ2021 ወዲህ ደግሞ ስለ አንድ ዕዳ በሰባት ቀን ውስጥ ከሰባት ጊዜ በላይ መደወል እንደ ማስጨነቅ ይገመታል። እዚያ የሆስፒታል ዕዳ የሚያሳድደው ወገናችን ይህን ማወቅ አለበት፤ አትደውሉልኝ ብሎ በጽሑፍ ከጠየቀ ጥሪው መቆም አለበት። ዕዳው ግን ይቀራል፤ ክስም ሊመጣ ይችላል።

የሚቀርበው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ባለገንዘቡም ሰው ነው፤ ምናልባት ያበደረው የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ይሆናል። በእስልምና በታወቀው ሐዲስ እንደተዘገበው አንድ ሰው ያበደረውን ለመጠየቅ መጥቶ ነቢዩን በሻካራ ቃል ተናገራቸው፤ ባልደረቦቻቸው ሊነሱበት ሲሉ ነቢዩ ተዉት፣ ባለመብት የመናገር መብት አለው ብለው ከለከሏቸው። ይህን እቀበላለሁ። የተበደለ አበዳሪ ዝም ይበል አልልም። ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ሰውየው በራሱ ፊት፣ በራሱ አፍ፣ ተበዳሪውን ራሱን ነው የተናገረው። ያው እምነት በሱረቱል በቀራ 280ኛው አንቀጽ ባለዕዳው ከተቸገረ እስኪያገኝ ድረስ እንዲታገሡት ያዝዛል፤ ቢተዉለትም ለራሳቸው የተሻለ መሆኑን ይነግራቸዋል። መናገር አንድ ነገር ነው፤ የሌለውን ሰው ከሌለው ላይ ለማውጣት ቀን ከሌት መነዝነዝ ሌላ ነው።

ጫና ከሌለ ማን ያበድራል የሚሉም አሉ፤ ፍርሃታቸው መሠረት አለው። በኦሪት ሰባተኛው ዓመት ሲቀርብ ዕዳው ይሰረዛል በሚል ባለገንዘቦች ማበደር አቁመው ስለነበር የአይሁድ መምህር ሂሌል መፍትሔ አበጅቶላቸው ነበር። መፍትሔው ግን አበዳሪውን ወደ ጓዳ የሚያስገባ አልነበረም፤ ዕዳውን ለዳኞች አስረክቦ በፍርድ ቤት በኩል እንዲሰበሰብ የሚያደርግ ነበር። ዳኛ የሌለውን ካለው ይለያል። የእኛው የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ቢሆን በፍርድ ጊዜ እንኳ የማይያዙ ንብረቶችን ዘርዝሯል። በስልክ የሚነዘንዘው ሰው ያን ዝርዝር አያውቀውም፤ ለእሱ ሁሉም ሰው አልከፍልም ባይ ነው።

የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። እኛ አገር ያለ መያዣ የሚበደር ሰው መያዣው ይሉኝታ ነው፤ ዕቁብም በዚህ ይቆማል። ታዲያ ዘመድ ጎረቤት ቢሰማበት ምን ነውር አለው? ልዩነቱ ፈቃድ ነው። ዋስ የሆነ ሰው አውቆ ፈርሟል፤ የዕቁብ ዳኛም አባላቱ የመረጡት ነው። ኬንያ ውስጥ በስልክ የሚያበድሩ መተግበሪያዎች የተበዳሪውን የስልክ ማውጫ እየከፈቱ ለአለቃውና ለዘመዱ ሲደውሉ ግን የተጠራው ሰው ምንም አልፈረመም፤ አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ደንብ ይህን ከልክላለች። በስልክ ያለ መያዣ መበደር በቴሌብር በኩል እኛም ጋ ገብቷል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የጎረቤት አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ባለዕዳውም ግዴታ አለበት። በዘዳግም ሕግ አበዳሪው ውጭ ሲጠብቅ ባለዕዳው መውጣት ነበረበት፤ በሩን ዘግቶ እንዲቀመጥ አልተፈቀደለትም። ዛሬ መውጣት ማለት ያለኝ ይህን ያህል ነው፣ በወር ይህን ያህል እከፍላለሁ ብሎ እውነቱን መናገር፣ ቢቻልም በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። ይህን ካደረገ በኋላ ለአሥረኛው ጥሪ መልስ ባይሰጥ ከዳተኛ አይባልም። ከቤት ኪራይና ከልጆቹ ምግብ ቀንሶ ይበልጥ ለጮኸው ቢከፍልም ጽድቅ አይሆንለትም። ከሁሉ በላይ ከሰው አይሽሽ። በእስልምና ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ባለዕዳ ነው፤ ሱረቱ ተውባ ከድሆች ጋር በስም ጠርቶታል። ጥፋተኛ ተብሎ ሳይሆን ድርሻ ያለው ተብሎ ነው የተቆጠረው። ከማኅበሩ የጠፋ ሰው ግን ያ ድርሻ አይደርሰውም፤ መቸገሩን የሚያውቀው የሚደውልበት ሰው ብቻ ይሆናል።