እምቢ ያለችውን እናት አድምጧት

ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ ዘንድሮ ነጭ ጋውን ለብሳችሁ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ልትገቡ ነው። መርፌ መያዙን፣ ማቀዝቀዣ መጠበቁን፣ ካርድ መሙላቱን በጥቂት ሳምንት ትለምዱታላችሁ። እኔ ልመክራችሁ የፈለግሁት ከዚህ ሁሉ ስለሚከብደው ነው፤ ልጇን አዝላ በራችሁ ላይ ቆማ «አላስከትብም» ስለምትላችሁ እናት።

ከሁሉ በፊት አላዋቂ አትበሏት። አያቶቻችን ፈንጣጣ ከያዘው ሰው ቁስል ፈሳሹን ወስደው የጤነኛውን ክንድ በጥተው ያስገቡ ነበር። ቃሉም የኛው ነው፤ ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነውና ክታብና ክትባት የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። አንዱ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ አንዱ ክንድ ላይ ይጻፋል። የአያቶቻችን ዘዴ ግን በሽታውን ራሱን ስለሚያስገባ አንዳንዱን ይገድል፣ ለጎረቤትም ይጋባ ነበር። በ1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፊያው ዘመቻ ሲጀመር አዲሱን መርፌ ያልተቀበሉ የደጋ ሰዎች ክትባት ጠልተው አይደለም፤ የራሳቸው ነበራቸው። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ቤት ለቤት እየዞሩ አስረዱ። በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም።

እንግዲህ እምቢታ ስትሰሙ ምክንያቱን ጠይቁ። አንድ ብልቃጥ የኩፍኝ ክትባት አስር ልጅ ይበቃል፤ ከተበጠበጠ ግን ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ይደፋል። ሦስት ልጅ ብቻ የመጣ እንደሆነ «ይባክናል፣ ሌላ ቀን ኑ» የሚል ከታቢ አለ። ሁለት ሰዓት በእግሯ የመጣችው እናት ሥራዋን ፈትታ ባዶዋን ትመለሳለች። በእናንተ መዝገብ ላይ ግን «ያቋረጠች» ተብላ ትጻፋለች። ማን ነው ያቋረጠው? ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡን ክፈቱት።

ሌላዋ «ደህና የነበረ ልጄን አሳመማችሁብኝ» ትላለች። እውነቷን ነው። ከአምስቱ በሽታዎች የሚከላከለው ክትባት በዚያው ሌሊት ሊያተኩስ ይችላል፤ የኩፍኙ ትኩሳት ከሳምንት በኋላ ይመጣል። ይህን አስቀድማችሁ ከነገራችኋት ትኩሳቱ ሲመጣ «እንዳሉኝ ነው» ትላለች። ካልነገራችኋት ጎረቤቷ በራሱ መንገድ ያስረዳታል።

«ተከትቦም ኩፍኝ ያዘው» የምትልም አለች። እሷንም ውሸታም አትበሏት። በዘጠኝ ወር ከተከተቡ 100 ልጆች ኩፍኝን የሚከላከል አቅም የሚያገኙት 85 ያህሉ ናቸው። በአሥራ አምስት ወር ሁለተኛው የሚሰጠው ለቀሩት ነው። ኩፍኝ በሰፈር እንዳይዛመት ከመቶው 95 ልጅ መጠበቅ አለበትና አንድ ክትባት ብቻ አይበቃም።

ከሁሉ የሚከብደው ወሬ ነው። በ2011 ዓ.ም. የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር «መካን ሊያደርጓቸው ነው» የተባለውን ታስታውሳላችሁ። ከወሬው ሥር ግን ጥሩ ጥያቄ ነበረ፤ ለምን ሴቶች ብቻ? ለምን በዚህ ዕድሜ? መልስ ያላገኘ ጥያቄ ወሬ ይወልዳል። ክትባቱ ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ ከመያዙ በፊት መቅደም አለበት፤ ቫይረሱ የሚተላለፈው ደግሞ በግብረ ሥጋ ነው። በዓለም ላይ ክትባቱ እጥረት ስለነበረበት በአንድ ዕድሜ ተጀመረ። ማሕፀን የሚያሳጣስ ካንሰሩ ነው፤ አንዳንዴ ሕይወት ለማትረፍ ማሕፀኑ ተቆርጦ ይወጣል። ይህን በጊዜው ያልነገርናቸው እኛ ነን።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። እኔ ራሴ እባቡን ያሳየኋት ሴትም አለች። ወጣት ሳለሁ አንዲት እናት የክትባት ካርዷን ሳትይዝ መጣች። ሰልፍ ፊት ቆጣሁባት። ካርዱ ዝናብ ገብቶበት እንደሆነ ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት ቀጠልኩ። አንገቷን ደፍታ ሄደች፤ በቀጣዩ ወር ልጁም አልመጣም፣ ጎረቤቶቿም ቀሩ። መርፌውን አልፈሩም፤ የፈሩት እኔን ነበር።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ካርድ ለጠፋባት ሳትቆጡ አዲስ ጻፉላት። የጠየቀቻችሁን በሚገባት ቋንቋ መልሱላት። የማታውቁትን «ጠይቄ እነግርሻለሁ» በሏትና ጠይቃችሁ ንገሯት። ዛሬ እምቢ ብትል በሰላም ሸኟት፤ በሩን ክፍት ተዉላት። ኑ ባላችኋት ቀን ግን ቦታችሁ ላይ ተገኙ።