ጠገራ ብርና የገዢ ኅሊና

ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት አሞሌና ማርትሬዛ የሚመነዘርባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ጠገራ ብሩ ከእናት ለልጅ ሲተላለፍ ኖሮ፣ ችግር ሲመጣ ለብር ሠሪ ይሸጣል፤ በአበዳሪ እጅም መያዣ ይሆናል።

በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 የሚለው ጽሑፍ ከዚያ በኋላ በተመቱትም ላይ ስላለ ዕድሜን አያስረዳም። ስለዚህ አዲሱን «ጥንታዊ ነው» ብሎ መሸጥ ሐሰት ነው። ዋጋውን የማታውቅ መበለት ስትሸጥ ግን ፈተናው የገዢው ነው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ እንዳስተማረው፣ ሻጩ ወርቁን ናስ መስሎት ቢሸጥ፣ እያወቀ የገዛው በደለኛ ነው፤ ሊክስም ይገባዋል። «ተስማምታለች» ማለት አያጸድቀንም፤ ባላወቀችው አልተስማማችምና።

እንግዲህ ከመግዛታችን በፊት እውነቱን እንንገራት፤ ቀድሞ ያጎደልነውም ካለ እንመልስ። አሜን።