ወደ ቅዳሴ ለሚሄድ ክርስቲያን የተሰጠ ምክር

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፥ እሑድ ማለዳ ነጠላህን ለብሰህ ከቤትህ ስትወጣ ጎረቤትህ ወዴት ትሄዳለህ ብሎ ቢጠይቅህ፥ ላስቀድስ እሄዳለሁ ብለህ ትመልስለታለህ። ይህን ቃል ከልጅነትህ ጀምረህ ስለ ለመድኸው፥ ምን ያህል ነገር እንደ ተናገርህ አታስተውለው ይሆናል። ካህኑ ይቀድሳል፤ ሕዝቡ ያስቀድሳል። ቋንቋችን ልመለከት እሄዳለሁ፥ ወይም ልሰማ እሄዳለሁ አላለም። ካህኑ በመሠዊያ ፊት የሚሠራውን ሥራ ሕዝቡ አብሮት ቆሞ ያሠራዋል ማለት ነው። እንግዲህ አስቀዳሽ የተባለ ሰው ተመልካች አይደለም፤ በመሥዋዕቱ ዕድል ፈንታ ያለው ነው እንጂ።

መሥዋዕቱስ ምንድር ነው? ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው እንዲህ ነው፤ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በመስቀል ላይ አንድ ጊዜ ያቀረበው መሥዋዕት፥ ያው ራሱ፥ በቅዳሴ ጊዜ ያለ ደም መፍሰስ በመሠዊያ ላይ ይቀርባል። ሌላ አዲስ መሥዋዕት አይደለም፤ አቅራቢውም የሚቀርበውም እርሱ ክርስቶስ ነውና። የትሬንት ጉባኤ ይህን በ1562 ወስኖ ጽፎአል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ነገር ግን ክርስቶስ ራስ ነው፥ እኛም ብልቶቹ ነን፤ ራስ ወደ ፊት ሲቀርብ ብልት ወደ ኋላ ሊቀር አይችልም። ስለዚህ ከኅብስቱና ከወይኑ ጋራ የሳምንቱ ድካምህ፥ ደስታህና ኀዘንህም አብሮ ይቀርባል። ይህን የተረዳ ሰው፥ ስብከቱ አለቀ ብሎ ከመካከል ተነሥቶ እንዴት ይወጣል?

በ304 ዓመት በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ጊዜ፥ ዛሬ ቱኒዝያ በምትባለው አገር በአቢቲና ከተማ 49 ክርስቲያኖች እሑድ ለቅዱስ ቍርባን ስለ ተሰበሰቡ ተያዙ። ሕጉን ለምን ጣሳችሁ ሲባሉም፥ ያለ ጌታ ማዕድ መኖር እንደማይቻላቸው ለዳኛው መለሱ፤ ስለዚህም ሰማዕታት ሆኑ። እነዚህ የአፍሪካ ልጆች ናቸው። በቦሌና በገርጂ፥ በሲ ኤም ሲና በአያት የምንኖር ሰዎች ግን መንገዱ ራቀብን፥ እንቅልፍ በዛብን እንላለን። ሌሊቱን በአውሮፕላን ማረፊያ ተረኛ ሆኖ ያደረውን፥ ወይም በሽተኛ የሚያስታምመውን ሰው ስለዚህ አንነቅፈውም። የምንናገረው ቅዳሜ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ለመቀመጥ ብርቱ ሆኖ እሑድ ማለዳ ለሚደክመው ነው።

በአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት ዋናው ሥርዓት የግእዝ ሥርዓት ነው፤ በአዲግራት፥ በእምድብር፥ በባሕር ዳርና ደሴም እንዲሁ ነው። ከሶዶ ወይም ከሆሳዕና ለትምህርት የመጣ ተማሪ በላቲን ሥርዓት አድጎአልና በመጀመሪያ እንግዳ ይሆንበታል፤ መቆሙ ያደክመዋል፥ ዜማውም ይረዝምበታል። አይዞህ እንለዋለን። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፥ የአገራችን ሰዎች አቡነ ያዕቆብ የሚሉአቸው፥ ኢጣልያዊ የላቲን ካህን ሲሆኑ በ1839 ወደ ዐድዋ ገብተው ግእዝን ተማሩ፥ የአገሩንም ሥርዓት ተቀበሉ። በ1841 ወደ ካይሮ ከሄዱት የኢትዮጵያ መልእክተኞች ጋራ ሲጓዙ፥ ከመካከላቸው አባ ገብረ ሚካኤል የተባሉ የጎጃም መነኩሴ ይጠራጠሩአቸው ነበር። እኒያው መነኩሴ በ1851 ከእጃቸው ክህነትን ተቀበሉ፤ በ1855ም ስለ ሃይማኖታቸው በእስራት ሳሉ ሞቱ።

በዚህ በግእዝ ሥርዓት ልብህን እንድትሰጠው የምለምንህ አንድ ሰዓት አለ። ጸሎተ ሃይማኖት ከተደገመ በኋላ ካህኑ እጁን ይታጠባል። ታጥቦም አያደርቀውም፤ ወደ ሕዝቡ ዘወር ብሎ ርጥብ እጁን ያራግፋል፥ ያስጠነቅቃልም። ንጹሕ የሆነ እንዲቀርብ፥ ቂምና በቀል በልቡ የያዘ ግን እንዳይደፍር ይናገራል፤ ይህን ሰምቶ የሚደፍር ቢኖር እርሱ ከደሙ ንጹሕ መሆኑን ያስታውቃል። ከዚህ በኋላ ዲያቆኑ ሕዝቡ እርስ በርሱ የሰላም ሰላምታ እንዲሰጣጥ ያዝዛል፤ ፍሬ ቅዳሴውም የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። በላቲን ሥርዓት ይህ ሰላምታ ለመቍረብ ሲቃረብ ይደረጋል፤ በእኛ ግን ከመሥዋዕቱ በፊት ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 5፥ ሰው መባውን በመሠዊያ ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋራ እንዲታረቅ ያዘዘውን፥ አባቶች በቦታው ያኖሩት ይመስለኛል።

ምሳሌ እናምጣ። በገርጂ የሚኖር አንድ ሰው አለ እንበል። እኅቱ ቤይሩት ሄዳ በሰው ቤት ስምንት ዓመት እያገለገለች ገንዘብ ትልክለት ነበር፤ እርሱም በዚያ ገንዘብ በሰሚት የኮንዶሚንየም ቤት ገዝቶ በራሱ ስም አጻፈው። አሁን ያከራየዋል፥ ኪራዩንም ይበላል። ስለ ቤቱ ስትጠይቀው፥ ስትመጪ እንነጋገራለን ይላታል። ይህ ሰው በእኅቱ ላይ ቂም የለውም። ስለ ምን ቂም ይይዛል? የቤቱ ቁልፍ በእጁ ነው። ስለዚህ ካህኑ ሲያስጠነቅቅ ያለ ፍርሃት ይቆማል፤ «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውም ተረት ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለዋል። ነገር ግን፥ ወዳጄ ሆይ፥ የጌታን ትእዛዝ አስተውለህ አንብበው። አንተ በወንድምህ ላይ የምትቀየመው ነገር ቢኖርህ አይደለም ያለው፤ ወንድምህ በአንተ ላይ የሚቀየመው ነገር ቢኖረው ነው እንጂ። እንግዲህ የሚመረመረው የአስቀዳሹ ልብ ብቻ አይደለም፤ በባዕድ አገር ወጥ ቤት ቆማ የምታለቅሰው ሴት እንባም አብሮ ይመረመራል። በቤትህ የምትሠራው ልጅ የሁለት ወር ደመወዝ ካልተከፈላትም ነገሩ ይኸው ነው።

ይህ የገርጂው ሰው ምናልባት፥ እኔ አልቈርብም፥ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው አይመለከተኝም ይል ይሆናል። በአገራችን ቍርባን የሕፃናትና የሽማግሌዎች ነው የሚል ልማድ አለ፤ ብዙ ሰው ከጕርምስናው እስከ እርጅናው ከቅዱስ ቍርባን ርቆ ይኖራል። የልማዱ መነሻ የእግዚአብሔር ፍርሃት ነውና አናቃልለውም። ነገር ግን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቅዱስ ፒዮስ 10ኛ፥ ከገዳይ ኃጢአት የነጻና በቀና ሐሳብ የሚመጣ ምእመን ሁሉ አዘውትሮ፥ ቢቻለውም በየቀኑ እንዲቈርብ በ1905 ደነገጉ፤ በ1910ም ሕፃናት ማስተዋል ሲጀምሩ ወደዚሁ ማዕድ እንዲቀርቡ አዘዙ። ቅዱስ ቍርባን ለደካማ መድኃኒት፥ ለመንገደኛ ስንቅ ነውና። ከማዕዱ መራቅ ከማስጠንቀቂያው አያስመልጥም። ይህ ሰው ስድስት ዓመት ሳይቈርብ ቢኖርና አልበቃሁም ቢል፥ ነገሩን ትሕትና ይለዋል። ትሕትና አይደለም፤ ቍልፉን መመለስ ስላልወደደ ነው።

እንግዲህ ምን ያድርግ? ከቅዳሴ ይቅር አንለውም፤ ይህ በኃጢአት ላይ ኃጢአት መጨመር ይሆናል። ሽማግሌ ይላክስ? በአገራችን ሽማግሌ ተቀምጦ፥ ጉልበት ተስሞ፥ ስለ እግዚአብሔር ተብሎ ነገር ይበርዳል፤ እጅግ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ሽማግሌ የተበደለችውን ሴት፥ አንቺ ተዪው፥ ወንድምሽ አይደለምን እያለ ዕዳው ሳይከፈል ያስማማል። እንዲህ ያለው እርቅ ለአስታራቂው የምሳ ግብዣ ነው፤ ለእርስዋ ግን ሁለተኛ በደል ነው። በኑዛዜም እንዲሁ ነው፤ የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው ለመመለስ ቁርጥ ሐሳብ ከሌለው ንስሐው ጎደሎ ነው፥ ካህኑም የተወሰደው እንዲመለስ ያዝዘዋል። ተማሪ ሆይ፥ የባልንጀራህን መጽሐፍ ወስደህ ያልመለስህ እንደ ሆነ ይህ ሕግ አንተንም ይመለከታል፥ አትሳቅ።

ስለዚህ ይህ ሰው እስከ እሑድ አይቆይ። ቅዳሜ ማታ ስልኩን አንሥቶ ወደ ቤይሩት ይደውል፤ በደሌ ነው ይበላት፥ ቤቱንም በስምዋ ለማዞር ቀን ይቁረጥ። ስልኩን ባታነሣስ? ብዙ ጊዜ ታልላለችና ባታነሣ አያስደንቅም። እንዲህ ከሆነ ከዚህ ወር ጀምሮ ኪራዩን ለእርስዋ ለይቶ በባንክ ያስቀምጥ፤ የበላውንም ኪራይ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ቈጥሮ በወረቀት ይጻፍ፥ ከዘመድ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፥ ወረቀቱንም ወደ እርስዋ በሚሄድ ሰው እጅ ይላክላት። ይህን ካደረገ በኋላ መልስ ባይመጣለትም ወደ ኑዛዜ ይቅረብ፤ ካህኑ ይቀበለዋል።