ሰው ለፊልም ወይስ ፊልም ለሰው?

ለፈተናው አራት ቀን ሲቀረን ሦስታችን ልደታ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ከደብተራችን ጋር ተፋጠናል። ትምህርቱ «የፊልም ግብይትና ተመልካች» የሚሉት ነው። ከፈተናው ጋር አብሮ የሚታሰብ የቡድን ሥራም አለብን፦ ለአንድ አጭር ፊልም ዒላማ ተመልካቹን ለይቶ የማስተዋወቂያ ዕቅድ ማዘጋጀት። አንዳችን እያነበበ ሁለታችን እየተቀበልን፣ «ዕድሜ፣ ጾታ፣ ገቢ፣ የትምህርት ደረጃ፣ መኖሪያ» እያልን እንደ ዳዊት ስንደግም አመሸን።

አከራያችን ቡና ይዘውልን ገቡ። «እማማ» ነው የምንላቸው። ጥቂት ቆመው ሰሙንና፣ «ምንድነው እንዲህ ሰዉን በዕድሜና በገንዘብ የምትለዩት? ቆጠራ ነው?» አሉ። ፊልም ለሰው እንዴት እንደሚሸጥ እያጠናን መሆኑን ነገርናቸው። እሳቸውም ስኒውን እያቀበሉን፣ «ልጆቼ፣ ይኼ እኮ ፊልም ለሰው መሸጥ ሳይሆን ሰውን ለፊልም መሸጥ ነው» ብለው ሳቁ። እኛም ሳቅን።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገሩ አልለቀቀንም። ለመሆኑ ተመልካች ማነው? ደንበኛ ነው? ሸቀጥ ነው? ወይስ ዳኛ? ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው።

እማማ በቀልድ ያሉትን ደብተራችን ውስጥ ትልቅ ስም ተሰጥቶት አገኘነው። ዳላስ ስማይዝ የተባለ ካናዳዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የመገናኛ ብዙኃን ዋና ምርት ፕሮግራሙ አይደለም፣ ተመልካቹ ራሱ ነው ብሎ ተከራክሯል። በእሱ አስተሳሰብ ድራማው ማባበያ ነው፤ የሚሸጠው የኛ ዓይንና ጊዜ ነው፤ ገዢው ደግሞ የሳሙናና የቢራ ማስታወቂያ አስነጋሪው። ነገሩን ወደ ሰፈራችን አምጥተን ብናየው ያስኬዳል። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር፣ ሳህን የሰቀለ ሁሉ ያለ ክፍያ ያይ ነበር። «ጥቁር ፍቅር» በሚታይበት ሰዓት ስንቱ ቤት ወጥ አሳርሯል! ታዲያ ተመልካቹ ካልከፈለ ማን ከፈለ? ማስታወቂያ ያስነገረው ነጋዴ ነዋ። ነጋዴው የከፈለው ደግሞ ለፍቅሩ ታሪክ ብሎ ሳይሆን እዚያ ለተሰበሰበው ሰው ብዛት ነው። በጊዜው የአገራችን የፊልምና የቴአትር ሙያተኞች ሥርጭቱን ሲቃወሙ፣ ከባህል ጥያቄው ጀርባ አንድ የሒሳብ ጥያቄም ነበር፦ ተመልካች ወደ ሌላ ከሄደ እንጀራም አብሮ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ ተመልካችን እንደ በግ መንጋ ብቻ ማየትም ግፍ ነው። ስቱዋርት ሆል እ.ኤ.አ. በ1973 ባቀረበው ሐሳብ፣ ሰው ያሳዩትን ሁሉ እንዳለ አይውጥም፤ አንዱ እንደተላከለት ይቀበላል፣ ሌላው እየመረጠ ይወስዳል፣ ሦስተኛው ፊት ለፊት ይቃወማል ይለናል። ይህን ለማወቅ እንግሊዝ አገር ድረስ መሄድም አያሻም። በሃያኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ስታይ፣ ሕዝቡ ምን ብሎ ስም አወጣለት? «ሰይጣን ቤት»! ስሙ የፍርሃት ይመስላል፤ እኛ ግን እንደ ሂስ ነው የምናነበው። ጨለማ ቤት ውስጥ አስገብተው ጥላ ሲያሳዩት፣ «ይኼ ነገር ምን ሊያደርገኝ ነው?» ብሎ የጠየቀ ተመልካች ነው። ዛሬ የምንፈተንበትን ጥያቄ ያኔ ጠይቆታል።

ታላላቆቻችን ስለ ቪዲዮ ቤት ሲያወሩልን እንሰማለን። በጣውላ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ መቀመጥ፣ በር ላይ የተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ፣ በጠመኔ የተጻፈ የፊልም ስም። ከነዚያ ወሬዎች አንዱ ለጥያቄያችን በጣም ጠቅሞናል። ብሩስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሞተ በኋላ፣ የእሱን መልክና አረጋገጥ የሚመስሉ ተዋንያን የእሱን ስም የሚመስል ስም እያወጡ ብዙ ፊልም ተሠርቶባቸዋል። በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል ይለያቸዋል፤ በአማርኛ ሲጻፍ ግን ያም «ብሩስ ሊ» ይኼም «ብሩስ ሊ» ነው። እንግዲህ በጠመኔ የጻፈው ሰው ዋሸ ወይስ አልዋሸም? ፊደሉ አልዋሸም። ልጁ ግን ሳንቲሙን ከፍሎ የገባው የሚያውቀውን ሰው ሊያይ ነበርና ተታሏል። በማስተዋወቅና በማታለል መካከል ያለው ድንበር ያለው ቃሉ ላይ አይደለም ማለት ነው። ድንበሩ ያለው አንባቢው በዚያ ቃል ምን እንዲያምን አስበን እንደጻፍን ላይ ነው። ይህን የምናውቀው ደግሞ ራሳችን ብቻ ነን፤ የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ስናወራ ቀልሎን ነበር። አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ።

ለቡድን ሥራው የመረጥነው ታሪክ የእማማን ነው። የአሁኑ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራ በፊት የነበረውን የድሮውን ልደታ ቡና ላይ እየተረኩልን ነው የምናውቀው፦ የጭቃውን ቤት፣ የጋራውን ግቢ፣ ግንቦት አንድ ቀን ጎረቤት ተሰብስቦ ንፍሮ የሚቃመስበትን። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ጎረቤት ተበተነ፤ ገሚሱ እዚሁ ፎቅ ላይ ወጣ፣ ገሚሱ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። ባለቤታቸው ግን አልቻሉም። በየማለዳው የድሮ በራቸው ወደነበረበት ቦታ እየሄዱ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይውሉ ነበር፤ ታመው አልጋ እስኪይዙ ድረስ።

ይህን ስንሰማ ምን እንዳሰብን እንናገር፤ መደበቅ አይጠቅምም። «ፖስተር!» ነው ያልነው። ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ከኋላቸው የሚቆም ፎቅ፣ ከላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ»፣ ከታች «በቅርብ ቀን»። ዒላማ ተመልካች፦ ከ18 እስከ 35 ዓመት፣ የከተማ ነዋሪ፣ ስልክ ያለው። ዕቅዱን አሳምረን ጽፈን ለእማማ አነበብንላቸው፤ እንዲደሰቱ ጠብቀን ነበር። ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔ እኮ ሰባ አልፎኛል፤ እናንተ ከጻፋችሁት ውስጥ የለሁበትም። እኔ መቼ ነው የማየው?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። ታሪኩን ከሳቸው ወስደን፣ ከተመልካቹ ዝርዝር አውጥተናቸው ነበር።

ያን ሌሊት ስለ ፊልሙ «ድፍረት» ተከራከርን። ፊልሙን ያላያችሁ ብትኖሩ ነገሩ እንዲህ ነው። በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ለጋብቻ ተብላ የተጠለፈች ታዳጊ ጠላፊዋን ገድላ ፍርድ ቤት ቀረበች፤ የሴት የሕግ ባለሙያዎች ቆመውላት ራሷን የተከላከለች ናት ተብላ ነፃ ወጣች። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በዚህ ላይ የሠራው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካን አገር በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። የአንጀሊና ጆሊ ስም በአስፈጻሚ ፕሮዲዩሰርነት አብሮት ዞረ። በዚያው ዓመት፣ በእኛ 2006 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሰው ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ታሪኩ የሷ የሆነው ሴት፣ ፈቃዴ ሳይጠየቅ ነው ብላ ከሳ ነበር። ፊልሙ በኋላ ለሕዝብ ቀርቧል። የሷን ስም እዚህ የማንጽፈው ረስተነው አይደለም።

ማን ትክክል እንደነበረ መፍረድ የኛ ሥራ አይደለም። ግን አስቡት፦ ባሕር ማዶ ያለ ተመልካች አጨብጭቦ ሸልሟል፤ አገር ቤት ያለው ተመልካች ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ የታሪኩ ባለቤት ደግሞ ከሁለቱም ወገን አልነበረችም። ፊልሙ ውስጥ የጠበቃዋ ስም እንዳለ ሲቀር የልጅቷ ስም ተለውጦ «ሂሩት» ተብሏል። ስምን መለወጥ ሰውን ለመከለል በቂ ነው ወይ? አገር ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ሲሆን የተለወጠው ስም ምን ይከልላል?

ከሦስታችን አንዱ እዚህ ላይ አጥብቆ ተቃወመን። «እንዲህ ከሆነ ማንም ስለ ግፍ ፊልም አይሠራም» አለ። «በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ያገባት እንደሆነ ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህ አንቀጽ ከ1997ቱ የወንጀል ሕግ የወጣው እንዲህ ያለው ነገር ስለተነገረ፣ ስለተጮኸ ነው። የተጠለፈች ልጅ ነገር የሷ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ሁሉ ፈቃድ ይጠየቅ ካላችሁ ዝምታው ማንን ይጠቅማል? በዳዩን!»

እውነቱን ነው። ብዙ ካሰብንበት በኋላ የደረስንበት ይህ ነው፦ ግፉ የሕዝብ ነው፤ ቁስሉ ግን የባለቤቱ ነው። ጠለፋ ወንጀል መሆኑን፣ ሰፈር ሲፈርስ ሰው አብሮ እንደሚፈርስ መናገር የማንም መብት፣ እንዲያውም ግዴታ ነው። ያችን ሴት፣ ያንን ሽማግሌ፣ ያንን ድንጋይ ግን ቲኬት መሸጫ ለማድረግ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። «እውነተኛ ታሪክ» የሚለው ቃል ገበያ ላይ የሚያወጣው ዋጋ ከዚያ ሰው ሕይወት የተወሰደ ነው፤ ስለዚህ ዕዳ አለበት።

ሌላ መንገድ የለም ወይ ላላችሁ፣ የኃይሌ ገሪማን ነገር እናስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ ሲጨርስ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት ኩባንያ አጣ። ስለ ባርነት የተሠራው ፊልም ገበያ የለውም ተባለ። እሱና ባልደረቦቹ ግን ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ጥቁር አሜሪካውያንን በየማኅበራቸውና በየቤተ ክርስቲያናቸው እየጠሩ አሳዩት፤ ሰዉም ሰውን እየጠራ ተሰለፈ። ይህም ግብይት ነው፤ ኃይሌም ገንዘብ አስፈልጎታል። ልዩነቱ፣ ታሪኩ የነማን ነው ለሚለውና ተመልካቹ ማነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ መሆኑ ነው። ዒላማ አልፈለገም፤ ባለቤት ነው የፈለገ።

«ዒላማ» የሚለውን ቃል እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ዒላማ የሚተኮስበት ነገር ነው። የማስታወቂያ መምህራን ከፈረንጅ ወስደው ነው የሰጡን፤ እኛም ሳናላምጥ ዋጥነው። የሚተኮስበት ሰው መልስ አይጠበቅበትም፤ መውደቅ ብቻ ነው። እንግዳ ቢባልስ? እንግዳን ትጠራዋለህ፣ ያለህን ታቀርብለታለህ፣ ዋሽተህ ብትጠራው ፊቱን ታያለህ። ቃሉን በመለወጥ ገበያው እንደማይለወጥ እናውቃለን። ግን ዕቅድ ስንጽፍ እጃችንን ትንሽ ያዝ ያደርገው ይሆናል።

ለራሳችን አንድ መለኪያ አበጀን። የታሪኩ ባለቤት የፊት ወንበር ላይ ቢቀመጥ፣ ፖስተሩን ሳናፍር ልናነብለት እንችላለን ወይ? ከቻልን እንሥራው። ካልቻልን ምንም ያህል ሰው ቢያስገባ ይቅር።

በማግስቱ እማማን፣ ልክ እንደ ትልቅ ጉዳይ ቁጭ አድርገን ጠየቅናቸው። ሰፈሩን፣ እድሩን፣ ንፍሮውን፣ ቤቱ የፈረሰበትን ቀን ውሰዱት አሉ። «እሱን ግን ተዉልኝ። ሲያየው የዋለው ሰው ሁሉ ከንፈሩን ሲመጥለት ይናደድ ነበር፤ አሁን ደግሞ አገር ሁሉ ይምጠጥለት?» አሉን። ከታሪኩ ሁሉ የሚሸጠው እሱ ነበር፤ እናውቀዋለን። አወጣነው። ዕቅዱ አሁን ሲታይ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ፖስተሩ ላይ የንፍሮ ድስትና ባዶ ወንበሮች አሉ፤ «እውነተኛ ታሪክ» የሚለውም ተሠርዟል።

ተመልካች በሚለው ሠንጠረዥ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ «አንዲት የልደታ ሴት፣ ዕድሜ ከሰባ በላይ» ብለን ጻፍን፤ ከ18 እስከ 35 ያለው ከሷ ቀጥሎ ገባ። መምህራችን «አንድ ሰው ገበያ አይሆንም» ብለው ቀይ እስክሪብቶ ያነሡብን ይሆናል፤ በግብይት ትምህርት ሕግ ልክ ናቸው። እናንተስ ጓደኞቻችን፣ በዚያ ረድፍ ላይ ማንን ትጽፉ ነበር?