ልጅ አባቱን የሚያስገባበት በር

በአሜሪካን አገር አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሁሉ፥ የሀብታምም ይሁን የድኻ፥ አንድ ነጻ የመግቢያ ወረቀት ይገባዋል። በዚህም ወረቀት ከሴፕቴምበር 1 ቀን አንሥቶ እስከ ኦገስት 31 ቀን ድረስ፥ የአገሪቱ መንግሥት የሚጠብቃቸውን ከ2,000 የሚበልጡ ስፍራዎች፥ ማለት ደኖችን፥ ተራሮችን፥ ሐይቆችንና የባሕር ዳርቻዎችን ያለ ክፍያ ገብቶ ለማየት ይችላል። ነገሩ በፕሬዚዳንት ኦባማ ዘመን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ተጀመረ፤ በ2019 ደግሞ በሕግ ጸና።

ወጣቶች ሆይ፥ ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም በውስጡ አንድ የቆየ ጥያቄ አለበት፤ ይኸውም የሁሉ የሆነውን ነገር ለማየት ሰው ገንዘብ መክፈል ይገባዋልን? የሚል ነው። የሎውስቶን የተባለው ሰፊ ምድር በ1872 በሕግ ሲከለል ለሕዝብ ጥቅምና ደስታ ነው ተብሎ ነበር። እንግዲህ ባለቤት በገዛ በሩ ከፍሎ ይገባልን? ነገር ግን መንገዱን የሚጠርግ፥ ድልድዩን የሚጠግን፥ የጠፋውን መንገደኛ ፈልጎ የሚያወጣ ሠራተኛ ነፋስ በልቶ አያድርም። በ2004 በወጣው ሕግ መሠረት፥ በበሩ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ቢያንስ ከመቶ 80ው እዚያው ለተሰበሰበበት ስፍራ ይውላል። ስለዚህ ልጁ ያልከፈለውን ሌላ ሰው ይከፍልለታል ማለት ነው። እኔ ግን ይህ ወጪ የሚገባ ነው እላለሁ። ወራሽ ርስቱን አንድ ቀን እንኳ ሳያየው ጠብቅ ቢሉት ምኑን ይጠብቃል?

ወረቀቱ ለሁሉ መሰጠቱንም አመሰግናለሁ። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ደብተር በነጻ የሚቀበሉ ልጆች ለብቻቸው ይሰለፉ ነበር፤ ደብተሩን አገኙ፥ ነገር ግን ቀና ብሎ መሄድን አጡ። አንዳንዶቹም ከሰልፉ ይልቅ ያለ ደብተር መቀመጥን መረጡ። ለድኻው ብቻ የሚሰጥ ነገር፥ ሰጪው ምንም ደግ ቢሆን፥ ምጽዋት መምሰሉ አይቀርም። ባለጠጋው ልጅና የጽዳት ሠራተኛይቱ ልጅ አንድ ዓይነት ወረቀት ሲይዙ ግን ማን ማንን ያፍራል?

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ወረቀቱ የልጁ መሆኑ ነው። ልጁ በሌለበት ወረቀቱ አይሠራም፤ ልጁ ካለ ግን አብረውት በአንድ መኪና የመጡት ሁሉ ይገባሉ። መግቢያው በሰው ቁጥር በሚከፈልበት ስፍራም ሦስት ትልልቅ ሰዎችን ይዞ ይገባል። በእኛ ልማድ ልጅ በትልቅ ሰው ጥላ ይገባል፤ እዚህ ግን አባት የልጁ እንግዳ ነው። የዐሥር ዓመት ልጅ አባቱን «ና፥ እኔ አስገባሃለሁ» ሲል፥ ተራራውን የሚያየው በባለቤት ዓይን ነው።

የሆነ ሆኖ በር መከፈቱ ብቻ አያደርስም። በዋሽንግተን ዙሪያ ብዙ የአገራችን ሰዎች ይኖራሉ፤ ሸናንዶዋ የሚባለው ተራራማ ፓርክም ከዚያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ነገር ግን ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያደረ አባት፥ ሁለት ሥራ ያላት እናት፥ በዕረፍት ቀናቸው የሚመኙት እንቅልፍ ነው። ደግሞም ከገጠር ለመጣ ሰው ዱር ማለት ከብት ያገደበት፥ እንጨት የለቀመበት፥ ጅብ የፈራበት ስፍራ ነው፤ «ጫካ ለማየት ይህን ያህል መንገድ ይኬዳልን?» ቢል አይፈረድበትም። እንዲህ ያለው ስፍራ ለእኛ አይደለም የሚልም ይኖራል። ይህም ከባዶ የመጣ ሐሳብ አይደለም፤ በዚሁ በሸናንዶዋ በ1939 ሉዊስ ማውንቴን የሚባል ማረፊያ ለጥቁሮች ተለይቶ ተከፍቶ ነበር፤ መለያየቱ ፈጽሞ የቀረው በ1950 ነው። ዛሬ ግን በበሩ የሚቆመው ጠባቂ የሚጠይቀው የልጁን ወረቀት ነው።

እንዲህ ያለው አባት ያለ ወረቀት ያገኘውን ልጁ እንዳላገኘው ቢያስብ መልካም ነው። ደመና አይቶ ዝናቡ ከየት እንደሚመጣ የሚናገር፥ ወፍን በድምፅዋ ለይቶ የሚያውቅ ሰው፥ ያን ዕውቀቱን በአፓርትማ ውስጥ ለማን ያሳየዋል? ልጁ በበሩ ያስገባው አባት፥ ከበሩ አልፎ መቶ እርምጃ ሳይሄድ የልጁ መምህር ይሆናል። እኔ ብዙ ዘመን ሳስተምር እንዲህ ያለውን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለመስጠት አልተቻለኝም።

ወረቀቱን ለማውጣት ልጁ ራሱ በኢንተርኔት ገብቶ ጥቂት ነገር ይሠራል፤ በቤታቸው የሚማሩ የዐሥር ዓመት ልጆችም ይፈቀድላቸዋል። የድንኳን ማደሪያና የጀልባ ኪራይ ግን በዚህ አይሸፈንም። ኦገስት 31 ካለፈ በኋላም አይሠራም፤ አምስተኛ ክፍል ለገባ ልጅም ሌላ አይሰጠውም።