ከዐስር በኋላ የሚጠብቀን ሰው



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ለዛሬው ጁምዓ አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አሊፍ፣ ባ፣ ታ» ያስባላችሁን ሰው ታስታውሳላችሁ? ከትምህርት ቤት መልስ፣ ዩኒፎርማችሁን እንደለበሳችሁ፣ ቦርሳችሁን ግድግዳ ሥር ጥላችሁ ምንጣፉ ላይ ስትቀመጡ፣ ቃዒዳውን ይዞ የሚጠብቃችሁን ኡስታዝ፣ ወይም ኡስታዛችሁን ማለቴ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ «ጀዛከላሁ ኸይረን» ያላችሁት መቼ ነው?

እኔ ራሴ ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም።

የእኛ ኡስታዝ ቀን ቀን ሌላ ሥራ ነበራቸው። ከዐስር እስከ መግሪብ ያለችው ሰዓት ግን የእኛ ነበረች። ሠላሳ የምንሆን ልጆች እየተንጫጫን እንቀመጣለን፤ እርሳቸው አንድ በአንድ እየጠሩ ያስቀሩናል። አርጩሜ ከእጃቸው አይጠፋም፤ ግን መስመር ይጠቁሙበታል እንጂ ሲመቱበት አላየሁም። ፊደሏ ከጉሮሮ ካልወጣች «እንደገና» ይላሉ። አስር ጊዜ ብንሳሳት አስር ጊዜ «እንደገና» ነው፤ ድምፃቸው ግን ከፍ አይልም።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ሥራ አጣ። የወር ክፍያዬ ተጠራቀመና አፍሬ ቀረሁ። በአራተኛው ቀን ኡስታዝ ቤታችን ድረስ መጡ። እኔ ጓዳ ተደበቅሁ። እናቴ ስለ ገንዘቡ ማስረዳት ስትጀምር «ስለ ገንዘብ አልመጣሁም እህቴ» አሏት። «ልጁ ሱረቱ ነበእ ላይ ነው የቆመው። ከቆየ የያዘው ሁሉ ይጠፋዋል። ነገ ይምጣ።» በማግስቱ ሄድኩ። ስለ ክፍያው ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ትንፍሽ አላሉም።

ከዚያ አደግሁ። ፈተና መጣ፣ ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ ሥራ መጣ። ሱረቱል ሙልክን ሳልጨርስ ቀረሁ። በቅርቡ የአንድ ጓደኛዬ ኒካሕ ላይ ከኡስታዝ ጋር ተገናኘን። ጢማቸው ነጭቷል። በስሜ ጠሩኝ። የት እንደምሠራ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ «ሙልክን ጨረስካት?» አሉኝ።

ወላሂ አንገቴን ደፋሁ። ያን ሁሉ ዓመት እርሳቸው እኔ የቆምኩባትን ሱራ ያስታውሳሉ። እኔ ግን እርሳቸው የት ሰፈር እንደሚኖሩ እንኳ አላውቅም ነበር።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ሥራ ትንሽ አድርገን አንየው። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከእኛ መካከል በላጩ ቁርኣንን ተምሮ የሚያስተምር እንደሆነ ነግረውናል። ይህን ሐዲስ ከዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ሰምተው ካስተላለፉት አንዱ አቡ ዐብዲረሕማን አስ-ሱለሚ የሚባሉ ታቢዒይ ናቸው። ሐዲሱን አስተላልፈው ብቻ አልተነሱም፤ ኖሩበት። በኩፋ መስጂድ ተቀምጠው ከዑስማን የኸሊፋነት ዘመን አንስቶ እስከ ሐጃጅ ዘመን ድረስ ቁርኣን አስተማሩ። ዑስማን ሸሂድ የሆኑት በ35 ዓመተ ሂጅራ ነው፤ ሐጃጅ የኢራቅ ገዥ የሆነው በ75 ነው። በመካከሉ 40 ዓመት ገደማ አለ! በእነዚያ ዓመታት ፊትና ተነሣ፣ ገዥዎች ተፈራረቁ፤ እርሳቸው ግን ማስቀራታቸውን አልተዉም። እዚያ ቦታ ያስቀመጣቸው ያው ሐዲስ መሆኑን ይናገሩ ነበር።

ታዲያ ይህ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው? የመዲናው ማተሚያ ያሳተመው ሙስሐፍ ካላችሁ የመጨረሻ ገጾቹን ግለጡ። ንባቡ የሐፍስ ሪዋያ እንደሆነ፣ ሐፍስም ከዓሲም፣ ዓሲምም ከአቡ ዐብዲረሕማን አስ-ሱለሚ እንደወሰዱት ተጽፎ ታገኛላችሁ። በሱብሒ የምትቀሩት ፋቲሓ በእኚያ አስተማሪ በኩል አልፎ ነው የደረሳችሁ። ሰንሰለቱ ደግሞ በእርሳቸው አላቆመም። ከአስተማሪ ወደ ተማሪ እየተላለፈ መጥቶ፣ እናንተ ዘንድ ያለችው የመጨረሻዋ ቀለበት ያ ምንጣፍ ላይ «እንደገና» ይላችሁ የነበረው ሰው ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎችን የማያመሰግን አላህንም እንደማያመሰግን አስተምረውናል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። መልካም ለዋለልን ሰው ውለታውን እንድንመልስ፣ መመለሻ ካጣን ደግሞ ውለታውን የመለስን እስኪመስለን ድረስ ዱዓ እንድናደርግለትም አዘውናል። ስለዚህ ኡስታዝን ማመስገን ዕዳ መክፈል ነው።

አመሰጋገኑ ግን አደብ አለው። የመድረሳ ምረቃ ላይ ጀለቢያና የምስክር ወረቀት መስጠት መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ሌላውን ሲያሞግስ፣ የባልደረባውን አንገት እንደቆረጠ ነግረውታል። ማመስገን ግድ ከሆነም «እንዲህ ይመስለኛል፣ የሚተሳሰበው አላህ ነው» እንዲባል አስተምረዋል። ኡስታዛችንን ካሜራ ፊት አቁመን ሰማይ አድርሰን፣ በማግስቱ የቤት ኪራይ ሲጨንቃቸው ከጠፋን፣ ያ ምስጋና ለእኛ ፎቶ እንጂ ለእርሳቸው ምን ጠቀማቸው?

እንግዲያውስ በዚህ ሳምንት ከእነዚህ አንዱን እናድርግ።

የኡስታዛችሁን ስልክ ፈልጋችሁ ደውሉ። «እኔ እገሌ ነኝ፣ ፋቲሓን ያስቀሩኝ» በሉ። ይህች ብቻ ለአንድ አስተማሪ ምን ያህል እንደሆነች አትገምቱም።

በሰፈራችሁ መድረሳ ክፍያ አጥቶ የቀረ ልጅ ካለ ጠይቁና በዝምታ ክፈሉለት። ልጁም አያፍር፣ ኡስታዙም አይቸገር።

ታናናሾቻችሁን ስትልኩ ሰዓት አክብረው ይድረሱ። ኡስታዙን «አንተ» እያሉ እንዳያናግሩ ምከሩ።

ኡስታዛችሁ ወደ አኺራ ሄደው ከሆነ በሱጁዳችሁ ውስጥ በስማቸው ዱዓ አድርጉላቸው። የሰው ልጅ ሲሞት ሥራው ቢቋረጥም የሚጠቅም ዕውቀቱ አጅር ማስገኘቱን እንደማያቋርጥ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሮናል። በቀራችሁ ቁጥር የእርሳቸው መዝገብ ይጻፋል።

ከሁሉም በላይ ግን፣ የቆማችሁባትን ሱራ አንሱ። ያን ቀን ኡስታዝ ፊት አንገቴን ደፍቼ «አልጨረስኳትም» ስላቸው አልተቆጡም። «ኢንሻአላህ ነገ ከዐስር በኋላ አለሁ» ብቻ አሉኝ። ሄድኩ። ከልጆቹ ኋላ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ዛሬ ሙልክ ላይ ስድስት አያ ይቀረኛል።

እናንተስ የት ላይ ነው የቆማችሁት?

አላህ ሆይ! ፊደል ያስቆጠሩንን ሁሉ ከእኛ በተሻለ መንዳቸው። በሕይወት ያሉትን ዕድሜና ጤና ስጣቸው፣ ሪዝቃቸውን አስፋላቸው፣ ሥራቸውን በኢኽላስ ሙላላቸው። የሞቱትን ማራቸው፣ ቀብራቸውን በቁርኣን ብርሃን አብራላቸው። እኛንም ያስተማሩንን ከማይረሱት አድርገን። አሚን።

ሱረቱል ካህፍን መቅራትና በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛትን አንርሳ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።