እንከኑ የማን ነው?

ቅዳሜ ጂንካ ገበያ የሚሸጥ ማጭድ አንስታችሁ እዩ። ያ ብረት ሊታጠፍና ሊሳል የቻለው ውስጡ ጉድለት ስላለበት ነው። የፊዚክስ ሰዎች ዲስሎኬሽን ይሉታል፤ እኔ እንከን ልበለው።

የብረት አተሞች እንደ በቆሎ ፍሬ በረድፍ የተደረደሩ ናቸው። አንዳንድ በቆሎ ላይ ከታች የተነሳው ረድፍ መሃል ሲደርስ ያልቃል፤ ጎረቤቶቹ ተጠጋግተው ቦታውን ይሸፍኑታል። ብረት ውስጥም እንዲሁ ነው። እንከን ባይኖር ኖሮ አንዱን ንጣፍ በሌላው ላይ ለማንሸራተት ሁሉንም አተም በአንዴ መግፋት ይጠይቅ ነበር፤ በስሌቱ መሠረት ብረት ከምናውቀው እጅግ የጠነከረ መሆን ነበረበት። በ1934 እ.ኤ.አ. ቴይለር፣ ኦሮዋንና ፖላኒ ለየብቻቸው መልሱን ደረሱበት፦ የሚንቀሳቀሰው እንከኑ ነው፣ አንድ አንድ ረድፍ እያለ። ቀጥቃጩ በመዶሻ ሲመታ የሚነዳው እሱን ነው። እንከኖቹ በዝተው ሲጠላለፉ ብረቱ እምቢ ይላል፤ ያኔ ወደ ወናፉ እሳት ይመለሳል።

የሚከነክነኝ እዚህ ላይ ነው። በአሪዎች ዘንድ ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ማና ይባላሉ። ከገበሬው ጋር መጋባት ክልክል፣ አብሮ መብላትም ነውር ሆኖ ኖሯል። (የአሪ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሰሜኑም ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ በእሱ ማረሻ ሲያርስ ነው የኖረው።) «ድሮም ዘራቸው ሌላ ነው» የሚል ማብራሪያም ነበር፤ ምሁራንም ሳይቀሩ ብለውታል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት ግን የአሪ ቀጥቃጮችና ገበሬዎች ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የተለያዩ መሆናቸውን የሚጠቁም ማስረጃ አቀረበ። አሁን የሚታየውን ልዩነት በዋናነት የፈጠረው መገለሉ ነው፤ ጥቂት ሰዎች እርስ በርስ ብቻ ሲጋቡ የሚመጣ። ማለትም ልዩነቱ መገለልን አላመጣም፤ መገለሉ ነው ልዩነቱን ያመጣው።

ታዲያ እንከኑ የት ነው ያለው? ብረቱ ውስጥ ገብታችሁ እንከኑ አጠገብ ያለውን አተም ብትመረምሩት ምንም አይጎድለውም፤ ሩቅ ካለው ጋር አንድ ነው። እንከኑ የሚገኘው ዙሪያውን በመዞር ነው፦ 10 እርምጃ ወደ ቀኝ፣ 10 ወደ ላይ፣ 10 ወደ ግራ፣ 10 ወደ ታች። ጤነኛ ቦታ ላይ መነሻችሁ ላይ ትደርሳላችሁ። እንከን ከከበባችሁ አትደርሱም። አንድ አተም ነቅሎ በሌላ በመተካትም አይጠፋም።

የኳንተም ክሪስታሎች ነገሩን የበለጠ ያስገርሙታል። ሂሊየም ፍጹም ዜሮ አጠገብ እንኳ በተራ ግፊት አይረጋም፤ 25 አትሞስፌር ያህል ግፊት ይፈልጋል፤ አተሞቹ እረፍት የላቸውማ። ሃሳቡ ሲገፋ፣ ክሪስታል ያለ ሙቀትም እንከኖቹ በዝተው ሊያቀልጡት ይችላሉ ይባላል። ይህን ለመግለጽ ሃገን ክላይነርት በ1989፣ ያን ዛነንና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2004 የተጠቀሙበት ጌጅ ቲዮሪ ቋንቋውን ይገለብጠዋል፦ በክሪስታሉ ውስጥ የሚያልፈው የድምፅ ሞገድ እንደ ብርሃን፣ እንከኑ እንደ ኤሌክትሪክ ቻርጅ ይጻፋል። ስለ አንድ ክሪስታል ሁለት ቋንቋ፣ አንድ ዓይነት መልስ። በአንዱ እንከን ጉድለት ነው፤ በሌላው ኃይል የሚመነጭበት። በአንዱ መፍረስ የሚባለው፣ በሌላው እንከኖቹ አንድ ላይ መዋላቸው ነው። ደግሞ ዲስሎኬሽኖች ብቻ ያቀለጡት ክሪስታል ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ አያጣም፤ ረድፉ ይጠፋል፣ አቅጣጫው ይቀራል። «ይህን ከተውን ባህላችን ይፈርሳል» ለሚል ሰው ይህን ብነግረው ደስ ይለኛል።

ብቻ ከሒሳብ ፍትሕ አይወጣም፤ ይህን ዓይነት ምሳሌ በጣም የሚወዱ ሰዎችንም እጠራጠራለሁ። አተም ጎረቤቱን አይመርጥም፣ አይናቅም፣ አያፍርም። ማጭዱን ገዝቶ ሲያበቃ ከሻጩ ጋር በአንድ ሲኒ ቡና አልጠጣም የሚለው ሰው ግን መርጦ ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ማጭዱ ሲደንዝ ይመጣል።